የቡና ዋጋ ሲጻፍ ኪሎው አብሮ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በንግድ ገጻችሁ የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ሲወጣ ቁጥሩ በአሜሪካ ሳንቲም፣ ለአንድ ፓውንድ ነው። የለንደኑ የሮቡስታ ዋጋ በዶላር ለአንድ ቶን ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና የሚሸጠው በብር ለአንድ ፈረሱላ ነው። ገበሬው እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክበው በኪሎ፣ ላኪው ኮንቴይነር የሚሞላው ደግሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ነው። ለአንድ ምርት አምስት ዓይነት ቁጥር ማለት ነው። አንባቢው እነዚህን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሲያገኛቸው የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ እንኳ ለመለየት ይቸገራል። የምንጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው፤ ማንኛውንም የቡና ዋጋ ስታትሙ የኪሎ ዋጋውን አብራችሁ አትሙ። ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚሰላ ከዚህ በታች አስፍረናል።

ከኒውዮርኩ እንጀምር። አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ኪሎ 2.20462 ፓውንድ ይሆናል። ለምሳሌ ዋጋው 300 ሳንቲም በፓውንድ ቢሆን ለ100 ሲካፈል 3 ዶላር፣ በ2.20462 ሲባዛ 6.61 ዶላር በኪሎ ይመጣል። የእኛ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ በ17 ሲባዛ 112.44 ዶላር በፈረሱላ ነው። ከለንደኑ የቶን ዋጋ ጋር ማስተያየት የፈለገ ሳንቲሙን በ22.0462 ያባዛ፤ 300 ሳንቲም 6,614 ዶላር በቶን ይሆናል። የለንደኑን ወደ ኪሎ ለማምጣት ለ1,000 ማካፈል ብቻ ይበቃል። ነጥብ ማንቀሳቀስ ነው እንጂ ስሌትም አይባልም።

ወረቀትና ማስያ በሌለበት የሚሠራ አቋራጭ አለ። በኒውዮርክ ገበያ አንድ የአረቢካ ቡና ውል የሚይዘው መጠን 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17,009.7 ኪሎ ነው። የእኛ 1,000 ፈረሱላ 17,000 ኪሎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የኒውዮርኩን ሳንቲም በ3 አባዝቶ ለ8 ያካፈለ ሰው የፈረሱላውን ዋጋ በዶላር ያገኛል። 300 በ3 ሲባዛ 900፣ ለ8 ሲካፈል 112.50። ከትክክለኛው ስሌት የሚርቀው በ6 ሳንቲም ብቻ ነው። በውሉ ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው የጥራት ልዩነትም በዚሁ መንገድ ይሰላል። «ከኒውዮርክ 20 ሳንቲም በላይ ተሸጠ» ከተባለ ትርጉሙ በፈረሱላ 7 ዶላር ከ50 ጭማሪ አገኘ ማለት ነው። ገበሬ፣ አቅራቢና ጸሐፊ ሁሉ በቃሉ ሊይዘው የሚገባ ስሌት ይመስለናል።

አቋራጩ ግን ለዜናና ለወሬ እንጂ ለክፍያ አይሆንም። በብዙ ቢሮ ኪሎን ወደ ፓውንድ የሚቀይሩት በ2.2 ነው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ 19,200 ኪሎ ቢይዝ በ2.2 ሲባዛ 42,240 ፓውንድ ይወጣል። በትክክለኛው ሲባዛ ግን 42,328.7 ነው። ወደ 89 ፓውንድ፣ ማለትም 40 ኪሎ ቡና ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። በፓውንድ 3 ዶላር ቢታሰብ በአንድ ኮንቴይነር 266 ዶላር ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ አራት አሃዝ ስለታለፈ ብቻ የቀረ ገንዘብ ነው። የክፍያ ሰነድ ላይ 2.20462 ይጻፍ፤ ማጠጋጋቱም መጨረሻው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። በየመሐሉ ማጠጋጋት ስሕተቱን ይቆልለዋል።

«ዓለም ሁሉ ሜትሪክን፣ ማለትም የሜትርና የኪሎ መለኪያ ሥርዓትን፣ ተቀብሎ የለም ወይ፣ ፓውንዱ ከየት መጣ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሜትር ስምምነት ፓሪስ ላይ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1875 ነው፤ ከፈረሙት 17 አገሮች አንዷ አሜሪካ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ፓውንዷን ራሱን በኪሎ ግራም በኩል መወሰን ጀመረች። በ1959 ደግሞ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ቀደም ሲል የጠቀስነውን 0.45359237 በጋራ አጸደቁ። እንግዲህ ኒውዮርክ ላይ ዋጋ የሚቆረጥበት ፓውንድ የራሱ መሠረት የለውም። የኪሎ ክፋይ ነው። ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ የቀረውም የውሉ ጽሑፍ፣ የመጋዘኑ ደረሰኝና የነጋዴው ልማድ በእሱ ስለተሠሩ ነው። በ1975 አሜሪካ ወደ ሜትሪክ መሸጋገርን የሚደግፍ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ግን ማንንም አያስገድድም ነበር። ሥራውን እንዲመራ የተቋቋመው ቦርድም በ1982 ተበተነ። ያለ ግዴታና ያለ ቀን ገደብ የወጣ የመለኪያ ሕግ ገበያን አይለውጥም ብለን የምናምነው ለዚህ ነው።

ፈረንሳይም ብትሆን በአንድ ጀምበር አልተለወጠችም። ከአብዮቱ በፊት በየአውራጃው፣ አንዳንዴም በየጌታው ግዛት የእህል መስፈሪያው የተለያየ ነበር፤ ግብር የሚከፍለው ገበሬ በሚሰፈርበት ዕቃ ይበደል ነበር። የሜትሪክ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1795 ወጣ። ሕዝቡ ግን የለመደውን ስም ስላልለቀቀ ናፖሌዎን በ1812 መሐል መንገድ መረጠ። አሮጌው ሊቭር ስሙ ይቆይ፣ መጠኑ 500 ግራም ይሁን፤ ቷዝም ስሙ ይቆይ፣ 2 ሜትር ይሁን ተባለ። ከአሮጌውና ከአዲሱ ጋር ሦስተኛ የመለኪያ ዓይነት ተጨመረ ማለት ነው። በ1837 የወጣ ሕግ ይህን ሁሉ ሻረ፤ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1840 ጀምሮም ሜትሪክ ብቻውን አስገዳጅ ሆነ።

የእኛም ፈረሱላ አሮጌ ስም፣ ሜትሪክ መጠን ነው። በዛንዚባር ገበያ ፈረሱላ 35 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 15.9 ኪሎ ነበር። የእኛ 17 ኪሎ ሆኖ ጸንቷል። ኩንታልም እንዲሁ የቆየ ስም ነው። ግን ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ማንም አይሳሳትበትም፤ ሁለት ዜሮ መቀነስ ነው። 17ን ግን በአእምሮ ማካፈል ይከብዳል። በኪሎ የተነገረውን ዋጋ በፈረሱላ ከተነገረው ጋር ቆሞ ማወዳደር የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ሜትሪክ ዓለምን ያሸነፈበት ዋናው ምክንያት የአሥር ብዜት መሆኑ ነው፤ 17 ያንን ጥቅም ያስቀረዋል። ፈረሱላ ከገበያ ይውጣ እያልን አይደለም። በጋዜጣ ሲጻፍ ብቻውን አይጻፍ ነው የምንለው።

ቁጥር ያለ መለኪያ ስሙ ሲተላለፍ ምን እንደሚያደርስ በደንብ የተመዘገበ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከሞንትሪያል ተነስቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊበር ነበር። ካናዳ በወቅቱ ወደ ሜትሪክ እየተሸጋገረች ነበር፤ አውሮፕላኑም ነዳጁን በኪሎ ግራም የሚያሰላ አዲስ ዓይነት ነው። የነዳጅ መለኪያው መሣሪያ ስለተበላሸ ነዳጁ በዘንግ ተለካ፤ 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጉዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ የነዳጁ ጥግግት ያስፈልጋል። በወረቀቱ ላይ የነበረው ቁጥር 1.77 ነው። ይህ ግን የፓውንድ በሊትር ቁጥር ነው፤ በኪሎ ቢሆን 0.803 ነበር። 7,682ን በ1.77 አባዝተው 13,597 አገኙና «ኪሎ» አሉት። ጎደለ የተባለው 8,703 ለ1.77 ተካፍሎ 4,917 ሊትር ተቀዳ። በትክክል ቢሰላ ኖሮ የነበረው 6,169 ኪሎ፣ መቀዳት የነበረበትም ወደ 20,088 ሊትር ነበር። አውሮፕላኑ ከግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሳ። 41,000 ጫማ ላይ ሲበር ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ አሳረፉት። ማንም አልሞተም። ልብ በሉ፤ ማባዛቱም ማካፈሉም ደጋግሞ ተፈትሿል፤ ሁሉም ልክ ነበር። ስሕተቱ 1.77 ላይ «ፓውንድ በሊትር» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩ ነው።

ወደ ቡናችን እንመለስ። ኪሎ ብሎ መጻፍ ብቻውን የማይበቃበት ቦታ አለና። የምን ኪሎ? ቀይ የቡና እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለመሆን ወደ 6 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። አንድ ፈረሱላ ንጹህ ቡና ማለት እንግዲህ 100 ኪሎ ያህል እሸት ነው። በደረቁ የተዘጋጀ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል ደግሞ ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 34 ኪሎ ጀንፈል አንድ ፈረሱላ ቢወጣው ነው። ምጣኔው እንደ ዝርያው፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ ዝናቡ ከፍ ዝቅ ይላል። «ቡና በፈረሱላ ይህን ያህል ገባ» የሚለውን ዜና ሰምቶ ጀንፈሉን በዚያው ዋጋ የሚጠብቅ ገበሬ ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ዜናው የንጹህ ቡና መሆኑን አልነገረውም።

እርጥበትም ከክብደቱ ጋር ይሄዳል። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 60 ኪሎ ቡና እስከ 11.5 በመቶ ቢደርቅ ምንም ፍሬ ሳይወድቅ 58.3 ኪሎ ይሆናል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 60 በ0.86 ሲባዛ 51.6 ኪሎ ደረቅ አካል፣ ያ ለ0.885 ሲካፈል 58.3። በአንድ ጆንያ 1.7 ኪሎ የተሸጠው ውሃ ነበር። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ በዋጋው ላይ ይቀንሳል፤ ሻጩ ግን እርጥበቱ ሲለካ ካላየ በምን እንደተቀነሰበት አያውቅም። የጆንያው ክብደት ተቀንሷል ወይስ አልተቀነሰም የሚለውም በደረሰኙ ላይ «የተጣራ ክብደት» ተብሎ መስፈር አለበት። በቃል ብቻ ከቀረ ጭቅጭቅ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የኢትዮጵያ ቡና ዋጋ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ቁጭቱ ይገባናል። ንጽጽሩ ግን በደረጃ መሠራት አለበት። በአሜሪካ የተለመደው ከረጢት 12 አውንስ ነው፤ 340 ግራም እንጂ ፓውንድ አይሞላም። ውስጡ ያለው የተቆላ ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ወደ 16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 340 ግራም የተቆላ ቡና ከ405 ግራም ጥሬ ንጹህ ቡና፣ ያም ከ2.4 ኪሎ ገደማ እሸት የወጣ ነው። የከረጢቱን ዋጋ ከገበሬው የእሸት ዋጋ ጋር ለማስተያየት የገበሬውን የኪሎ ዋጋ በ2.4 ማባዛት ይገባል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛው ልዩነት እሱ ነው፣ መከራከርም የሚቻለው በእሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው፣ እኛ ግን በሥራችን ዘወትር ወደሚያጋጥመን ጉዳይ እንግባ። ኪሎ የትም አንድ ነው፤ ሚዛን ግን የትም አንድ አይደለም። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ኃይሉ በመሬት ስበት ይወሰናል፤ ስበት ደግሞ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብና ከባሕር ወለል ከፍ ስንል ይቀንሳል። የፓሪስ ስበት 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ወደ 9.775 ይወርዳል። ልዩነቱ ከሺህ 3.5 ገደማ ነው። ፓሪስ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ ዳግም ሳይስተካከል ቢሠራበት አንዱን ኩንታል 99 ኪሎ ከ650 ግራም ብሎ ያነበዋል። በ60 ኪሎ ጆንያ 210 ግራም፣ በ19,200 ኪሎ ኮንቴይነር 67 ኪሎ ያህል ነው። ሚዛኑ ላይ የፋብሪካ ማረጋገጫ ተለጥፏል፤ ማረጋገጫውም ሐሰት አይደለም፣ ለዚያ ቦታ ነበር። የሚጎዳው ሁልጊዜ ሻጩ ነው፤ ሚዛኑ አሳንሶ ያነባልና። በሁለት ሳህን የሚመዝነው የድሮ ሚዛን ይህ ችግር የለበትም። ስበቱ ዕቃውንም የብረት መመዘኛውንም እኩል ስለሚስባቸው ውጤቱ አይዛባም።

መፍትሔው ሚዛኑን በሚሠራበት ቦታ በመመዘኛ ክብደት ማስተካከል ነው። ለንግድ ሚዛን ኤም1 የሚባለው ደረጃ ያለው የ20 ኪሎ ክብደት ይበቃል፤ የሚፈቀድለት ስሕተት 1 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ይግባ። ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ፤ ከዚያ ዜሮ ይደረግ። ክብደቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ እየጨመሩ እስከ ሙሉ አቅሙ ማንበብ፣ እየቀነሱም እንዲሁ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የአቅሙን አንድ ሦስተኛ የሚያህል ክብደት በአራቱም ማዕዘን በየተራ ይቀመጥ። ስሕተቱ ከጭነቱ ጋር በእኩል ምጣኔ እያደገ ከሄደ የስበት ወይም የማስተካከያ ችግር ነው፤ ባለሙያ በደቂቃዎች ያርመዋል። በአንድ ማዕዘን ብቻ ከተሳሳተ ችግሩ ከሥር ያለው እግር ወይም ጫናውን የሚለካው የክብደት ሴል ነው። ጭነቱ ወርዶ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ብዙውን ጊዜ በመድረኩ ሥር የገባ ፍሬ፣ አፈር ወይም የጆንያ ክር አለ። አንስቶ መጥረግ ነው።

መመዘኛ ክብደት የሌለው ማኅበር በውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊጠቀም ይችላል። ጀሪካኑ ራሱ በትክክል 20 ሊትር ላይሆን ስለሚችል ሚዛኑን ለማስተካከል አይሆንም። ግን ያው ጀሪካን በአራቱ ማዕዘን፣ ጧትና ከሰዓት፣ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳይ ይገባል። ካላሳየ ግዢው ይቁም፣ የሥነ ልክ ባለሙያም ይጠራ። ለምድር ሚዛንም ዘዴው ይሠራል፤ አንድ የተጫነ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየገባ ይመዘን። ሁለቱ ንባቦች ከተራራቁ ሚዛኑ ወይም መግቢያው ላይ ችግር አለ።

ኪሎ ግራም ራሱ እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2019 ድረስ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ውስጥ በተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ሲሊንደር ይወሰን ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር በ100 ዓመት ውስጥ ወደ 50 ማይክሮ ግራም መለያየቱ ስለታወቀ ዓለም ተሰብስቦ ትርጉሙን ወደማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር አዛወረው። ለ50 ማይክሮ ግራም ያን ያህል ከተደከመ፣ በኩንታል 350 ግራም ለሚጎድልበት ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ሚዛን ማስፈተሽ የሚከብድ ሥራ መሆን የለበትም።

ከጋዜጣው የምንፈልገውን በተግባር ለማሳየት አንድ መስመር ጽፈን እንላክ። «ኒውዮርክ፣ አረቢካ ጥሬ ንጹህ ቡና፦ 300 ሳንቲም በፓውንድ (6.61 ዶላር በኪሎ፤ 112.44 ዶላር በፈረሱላ)።» ለሀገር ውስጡም እንዲሁ፤ የፈረሱላው ዋጋ ለ17 ተካፍሎ በኪሎ ይጻፍ፤ ንጹህ፣ ጀንፈል ወይም እሸት መሆኑ ይጠቀስ። የምንዛሪ ተመኑ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ወደ ብር ከተቀየረ የየትኛው ቀን ተመን እንደሆነ ይታከልበት። ከአንድ መስመር ተኩል በላይ ቦታ አይወስድም። ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት ስሌቱን የሚያመሳክር ሰው ካስፈለጋችሁ በደስታ እናግዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሚዛን ካሊብሬሽንና በቡና ምዘና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ